የለም የተባለው ጳጉሜ ስድስት

መዝገብ ላይ እንዲሰፍርልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፦ የወረዳችን ጽሕፈት ቤት የልጅ ልጄ የተወለደችበትን ቀን የለም አለኝ። ልጅቷን የለችም አላለኝም፤ እሷማ አጠገቤ ቆማ የጫማዋን ክር እየፈታች ነበር። እናቷም አለች፣ አባቷም አለ፣ እኔም አያቷ በእግሬ ቆሜአለሁ። የሌለው ቀኑ ነው። በግ የጠፋበት ሰው አይቻለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ቦርሳዋ የጠፋባት ሴት አጽናንቻለሁ። ቀን የጠፋበት ሰው ግን ከእኔ በፊት አልሰማሁም።

የወረዳውን ቁጥር አልጠራም። እዚያ የሚሠሩት ልጆች እንጀራቸው ነው፤ ደግሞ አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ መሆኑን ግን አልደብቅም፤ የምደብቀው ነገር ቢኖረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

እኔ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት፣ ሽንኩርትና ድንች በመደብ በመደብ ደርድሬ የምሸጥ የጉልት ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ክርክሬ ግን አልቆመም። የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳላነብ አላልፍም። ያነበብኩት ሁሉ ይገባኛል አልልም፤ ያልገባኝን ግን ዝም ብዬ አልፈርምበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ፈርሜአለሁ፤ ታሪኩም እሱ ነው።

እኔ ራሴ የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም። እናቴን ስጠይቃት «እንሰቱን ውርጭ የመታው ዓመት ነው» ትለኝ ነበር። እንሰቱን ግን ሁለት ዓመት ውርጭ መትቶታል፤ ስለዚህ አንዱን መምረጥ የእኔ ፈንታ ነው፤ እንደ ጉዳዩ ዓይነት አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እመርጣለሁ። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ቀን የሰጠኝ የድሮ የቀበሌ ጸሐፊ ነው። ቀና ብሎ ፊቴን አየና ጻፈ። ያን ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አምስት ዓመት ሳይጨምርብኝ አልቀረም።

የልጅ ልጄ ናርዶስ ግን ቀን አላት። ጤና ጣቢያው የሰጠን ወረቀት ላይ ኪሎዋ፣ ሰዓቱ፣ ያዋለደችው ነርስ ፊርማ ሁሉ ሰፍሯል፦ ጳጉሜ ስድስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ ዘመነ ሉቃስ አልቆ ዘመነ ዮሐንስ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው። ጳጉሜ ስድስት መቼም በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል እንግዳ ናት። በሌሎቹ ዓመታት ልደቷን በአምስት እናከብራለን፤ ልጅቷም ዳቦው እስካለ ድረስ አታኮርፍም። በቤታችን ውስጥ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ኪሎዋን የሚያውቅላት ሰው ኖሯት የተወለደች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ለዚህ ነው ነገሩ ያንገበገበኝ።

ዘንድሮ ናርዶስ አንደኛ ክፍል መግባት አለባት። ሠፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ልደት ምስክር ወረቀት አልመዘግብም አለ፤ ምዝገባው ደግሞ ነሐሴ ሲያልቅ ይዘጋል። ልጄ፣ የናርዶስ እናት፣ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ ውክልናዋን ሰጥታኝ ምልልሱን ለእኔ ተወችው። ስትወጣ «እማዬ፣ አደራ፣ አትቸኩይ፣ አትቆጪ» አለችኝ። ሁለቱንም አደረግሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ደርሼ ሠላሳ ሁለተኛ ሆንኩ። ሠላሳ አንዱ የት እንዳደሩ እግዜር ይወቅ። መስኮቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን «ሲስተም የለም» ተባለ። ይህን ሲስተም የሚሉትን ነገር እንደ አንድ ሰነፍ ሠራተኛ ነው የማስበው። በሄድኩበት ቢሮ ሁሉ ተቀጥሯል፤ በሄድኩበት ቢሮ ሁሉ ቀርቷል። አንድም ቀን ሲባረር ግን አልሰማሁም። ያን ዕለት ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስሟ ሰላም ነው። ቆንጆ ናት፤ ጥፍሯ ረጅም ነው፤ በዚያ ጥፍር የኮምፒውተሩን ቁልፎች ስትነካ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚዘንብ ይመስላል።

«የልደት ቀን፣ እማማ?»

«ጳጉሜ ስድስት።»

በረዶው ቆመ።

«አምስት ማለትዎ ነው?»

«ስድስት ማለቴ ነው።»

«አምስት ላይ ነው የሚያልቀው። ይኸው ይዩት» ብላ ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። እውነቷን ነው። ቁጥሮቹ ከአንድ እስከ አምስት ተሰልፈዋል፤ ከአምስት በታች ባዶ ነው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ» አልኳት።

«የት?»

«ጳጉሜ ስድስት ላይ።»

ከኋላዬ የቆመው ሰልፍ ሳቀ። ሰላም ግን አልሳቀችም፤ ትሕትናዋ አልተለያትም። «እማማ፣ ሲስተሙ የማያውቀው ቀን ለእኛ የለም ማለት ነው። ለምን በማግሥቱ አናደርገውም? መስከረም አንድ ልበልልዎት። አንድ ቀን ምን ይለያል? የዘመን መለወጫ ልጅ ትሆናለች፤ ደግሞ ያምራል።»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልሸሽም። እግሬ ዝሏል፤ ሽንኩርቴን ለሰው አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁት፤ «ያምራል» የምትለዋ ቃልም አታለለችኝ። ፈረምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ ለቅሜ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

በማግሥቱ ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ወደ ደረቴ አስጠግቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ናርዶስ አዲስ ቦርሳዋን ተሸክማ ተከተለችኝ። ያን ቦርሳ ከተገዛላት ጀምሮ ምሳ ስትበላም አታወርደውም። መዝጋቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ መምህር ነው። ኮፒውን ወስዶ ፋይል ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ መነጽሩን አውርዶ ዋናውን አነበበ።

«እማማ፣ ዘንድሮ የምንቀበለው ጳጉሜ እስኪያልቅ ሰባት ዓመት የሚሞላቸውን ነው። ይህች ልጅ ሰባት የሚሞላት መስከረም አንድ ነው።»

«ታዲያ ልዩነቱ አንድ ቀን አይደለም እንዴ?»

«ቀኑ አንድ ነው፤ ዓመቱ ግን ሌላ ነው። ለሚመጣው ዓመት ያምጧት።»

ይታያችሁ! ምን ይለያል የተባለው አንድ ቀን አንድ ዓመት ሙሉ ዋጠ። ስንመለስ ናርዶስ እጄን ሳብ አድርጋ «እማምዬ፣ እኔ ትናንሽ ልጆች ጋ ልመለስ ነው?» አለችኝ። የሠፈር ጓደኞቿ ሁሉ ተመዝግበዋል። ምን ልበላት? አያትሽ «ያምራል» ሲሏት ፈረመች ልበላት? «አትመለሺም» አልኳት። አፌ ቀድሞኝ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ እግሬ አፌን መከተል ነበረበት።

ወደ ሰላም ተመለስኩ። ትሑት ልጅ ናት አልኳችሁ አይደል፤ ወዲያው መላ ፈለገችልኝ። «ወደ ጳጉሜ አምስት ላስተካክልልዎት፤ ያኔ ትምህርት ቤቱም ይቀበላል። ለማስተካከል ግን የጤና ጣቢያውን ማስረጃ ያምጡ።»

ማስረጃው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሰጠኋት። አየችው፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ይህ ስድስት ነው የሚለው።»

«እኔስ ምን ስልሽ ነበር?»

«እማማ፣ የለም ከተባለ ቀን የመጣ ማስረጃ እንዴት አድርጌ ነው የምቀበለው? ነገ ኦዲት ቢመጣ ሐሰተኛ ነው ይሉኛል። ጤና ጣቢያው አምስት ብሎ ይጻፍልዎት።»

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እውነተኛው ወረቀት ሐሰተኛ እንዳይባል ሐሰት እንዲጻፍበት ተላክሁ። እኔም ሄድኩ! በሕይወቴ ድንች መደብ ሥር ትናንሹን ደብቄ ትልልቁን ከላይ አድርጌ ካልሆነ በቀር አታልዬ አላውቅም፤ እሱም ቢሆን የንግድ ወግ ነው። አሁን ግን ጤና ጣቢያ ሄጄ ልጄን ያዋለደቻትን ነርስ ፈልጌ አገኘሁና ስድስቱን አምስት አድርጊልኝ ብዬ ለመንኳት።

«ሲስተር፣ አንድ ቁጥር ብቻ ነው» አልኳት።

ሲስተር እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እማማ፣ በአምስት እኮ ልጅዎ ምጥ እንኳ አልጀመራትም! ያልተወለደች ልጅ ተወለደች ብዬ ልፈርም? እርስዎ አይደሉ እንዴ ያን ዕለት ሚዛኑ ተሳስቷል፣ ልጅቷ ከዚህ ትበልጣለች ብለው ሁለት ጊዜ ያስመዘኑኝ?»

አፈርኩ። እውነት ነው፣ ሁለት ጊዜ አስመዝኜአታለሁ። ኪሎዋ እንዳይጎድል የተከራከርኩ ሴት፣ ቀኗን ላጎድል መጣሁ። ከጤና ጣቢያው ስወጣ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ከእንግዲህ አምስትም መስከረምም አልቀበልም። ልጅቷ ስድስት ላይ ተወልዳለች፤ ስድስት ተብላ ትመዘገባለች።

ሰላም ይህን ስነግራት ተነፈሰች። «እንግዲያው ሁለት የዓይን ምስክር ያምጡና ቃላቸውን ተቀብዬ ለኃላፊው ላቅርብ» አለች።

ምስክር አያጣኝም። የመጀመሪያው አቶ ደምሴ ነው፤ ከመደቤ አጠገብ ዶሮ ይሸጣል፤ ልጄን ምጥ ሲይዛት ባጃጅ ያስቆመልን እሱ ነው። ሁለተኛዋ የግቢ ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማትናገር ሴት። ደምሴን ለአፉ፣ አስካለን ለቁጥር መሙያ ብዬ ነው የመረጥኳቸው። ሰው አውቃለሁ ለሚል ሰው ይህ ትምህርት ይሁነው።

ደምሴን መንገድ ሙሉ አስጠናሁት።

«ስንት ነው የምትለው?»

«ጳጉሜ ስድስት።»

«ድገመው።»

«እትዬ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ? ጳጉሜ ስድስት!»

መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ሰልፉን አየና ተመልካች መሰለው፤ ደረቱን ነፋ። «እኔ ደምሴ ያየሁትን ነው የምመሰክረው። የበዓል ዋዜማ ነበር። ዶሮ እንደ ጉድ የተሸጠበት ቀን ነው። አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አመለጠኝና ማዞሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሦስተኛው ላይ ታክሲ ውስጥ ገባ። ረዳቱ ‹ሞልቷል!› ብሎ መለሰልኝ…»

«አባባ፣ ቀኑን» አለች ሰላም።

«እሱን አይደል የምነግርሽ? ዋዜማ!»

«ዋዜማ ስንት ቀን?»

«ዋዜማማ መቼም ጳጉሜ አምስት ነው!» አለ ደምሴ፣ የሚያውቁትን ነገር የተጠየቁ ሰዎች እንደሚሉት አድርጎ።

እግሩን ረገጥኩት፤ ግን ረፍዷል፤ ሰላም ጽፋዋለች። ደምሴ ስህተቱ ሲገባው «ስድስትም ሊሆን ይችላል፤ ዶሮው ነው ያሳሳተኝ» አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ነሐሴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ የገዛ ምስክሬ ከነዶሮው ወደ ተከሳሹ ወገን ተሻግሯል።

ያኔ አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «ስድስት ነበር» አለች።

«እማማ፣ ስድስት እኮ የለም…»

«ያን ዕለት ጠዋት እሷ የልጅ ልጅ አገኘች። ከሰዓት በኋላ የእኔ ባል ሞተ። ስድስት ካልነበረ ባሌ መቼ ነው የሞተው?»

ሰላም ዞር ብላ ኮምፒውተሩን አየች፤ አስካለ ግን አላበቃችም።

«ካልሞተ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ የት ነው ያለው? ንገሪኝና ሄጄ ላምጣው።»

ሳቁ ጠፋ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ በዚያ ቀን ደስታዬን ይዤ ወደ ቤት ስገባ እሷ ደጃፍ ላይ ድንኳን ሲተከል ነበር። ያን ቀን ሲነፍጉኝ የእሷንም እየነፈጓት እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

«ወረቀቱን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ከዚሁ መስኮት» አለችና ወጣች። ቤቷ ቅርብ ነው። ስትመለስ በላስቲክ የተለበጠ የሞት ምስክር ወረቀት ይዛለች። በእጅ የተጻፈ ነው፤ የወረዳው ማኅተም ከታች አለበት። የሞተበት ቀን በሚለው ፊት ለፊት ጥርት ባለ ጽሕፈት ጳጉሜ ስድስት ይላል።

ወረቀቱን ተቀበልኳትና ወደ ኃላፊው ቢሮ አመራሁ። ጥበቃው «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነበር። «ይሰብሰቡ፤ እኔም ልጨመር» ብዬ በሩን ገፋሁት።

አራት ሰዎች የታሸገ ውሃ ከፊታቸው ደርድረው ተቀምጠዋል። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ክራቫቱን አጥብቆ አስሯል።

«እናቴ፣ ስብሰባ ላይ ነን።»

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ መልሱልኝና እወጣለሁ። ጳጉሜ ስድስት ላይ መሞት ይፈቀዳል?»

«ምን አሉኝ?»

«መሞትስ ፈቅዳችኋል፤ ይኸው ማኅተማችሁ። ታዲያ በዚያው ቀን መወለድን ለምን ከለከላችሁ?»

አንዷ ተሰብሳቢ ውሃው ትን አላት። ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየው፤ እዚያ መልስ የሚያገኝ መስሎት ይሆናል። «ይህ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በእጅ የተጻፈ ነው» አለ።

«ኮምፒውተሩ ሲመጣ ቀኑ ወዴት ሄደ?»

ተነሣ። ከሦስቱ ተሰብሳቢዎች ጋር ወደ ሰላም መስኮት ሄድን፤ ስብሰባው በሙሉ ተከተለኝ ማለት እችላለሁ። እሱም ቁጥሮቹን አየ፤ አምስት ላይ አልቀዋል። ስልኩን አውጥቶ ሲስተሙን ያውቃል ወደተባለ ልጅ ደወለ፤ ሰልፉ በሙሉ «ድምፁን ልቀቁት!» ስላለ ድምፁን ለቀቀው።

«ስትሞሉ ዓመቱን ነው የምታስቀድሙት ወይስ ቀኑን?» አለ ልጁ በስልክ።

«ቀኑን ነዋ» አለች ሰላም። «ሰው ሲናገር ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ አይደለም የሚናገረው?»

«እሱ ሰው ነው። ማሽኑ ዓመቱን ሳያውቅ ጳጉሜ ስንት ቀን እንደሆነች በምን ያውቃል? ለጥንቃቄ ብሎ አምስት ይላል። ዓመቱን አስቀድሚ።»

ሰላም ዓመቱን ጻፈች። ወሩን ጳጉሜ አለች። ቁጥሮቹ ተዘረጉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ከአምስት ሥርም ስድስት። ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሏል።

እልልታውን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ አስካለ ትመስለኛለች። ሰልፉ ተቀበለ። ደምሴ «እኔ ስድስት ብዬ ነበር እኮ!» እያለ የማያውቃቸውን ሰዎች ያቅፋል። ከወደ ኋላ አንድ ሰውዬ እጁን አውጥቶ «የእኔም ልጅ በዚያው ቀን ነው የተወለደው፤ አምስት ብላችሁ ነው የሰጣችሁኝ!» ብሎ ጮኸ። ኃላፊው ክራቫቱን ላላ አደረገ።

አዲሱ የምስክር ወረቀት ታተመ። ሰላም አንገቷን ደፍታ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ እውነት የሌለ መስሎኝ ነው» አለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ። እኔም ፈርሜልሽ ነበር፤ እኩል ነን» አልኳት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞርኩ። «አሁን ደግሞ ደብዳቤ ይጻፍልኝ።»

«የምን ደብዳቤ? ወረቀቱ በእጅዎ ነው።»

«ትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ መስከረም አንድ የሚል ሌላ ወረቀታችሁ አለ። ነገ ሁለት ቀን የተወለደች ልጅ አመጣሽ ይሉኛል። ቀኑ መኖሩን በጽሑፍ ስጡኝ።»

«እናቴ፣ ወረዳ ስለ ቀን መኖር አለመኖር ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም።»

«የለም ብላችሁ በአፍ ከነገራችሁኝ፣ አለ ብላችሁ በጽሑፍ ንገሩኝ» አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አስካለ አጠገቤ ተቀመጠች። ደምሴ ወንበር ስላጣ ቆመ። ኃላፊው ሦስታችንን አየ፤ ሰልፉን አየ፤ ወረቀት አወጣ።

በማግሥቱ መዝጋቢው መምህር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ ለባልደረቦቹ ነው ያነበበላቸው። ናርዶስ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ተመዘገበች፤ ቦርሳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አውርዳ ወንበር ሥር አስቀመጠች። ደብዳቤውን ለትምህርት ቤቱ ስሰጥ ግን ሦስት ኮፒ አስቀርቼአለሁ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአስካለ፣ አንዱ ከሰልፉ ኋላ የጮኸው ሰውዬ ነው። ማኅተሙና ፊርማው ሳይቀር አለበት፤ ቃሉም እንዲህ ነው፦

«ለሚመለከተው ሁሉ። ሕፃን ናርዶስ መስከረም 1 እንደተወለደች ተደርጎ የተሰጠው የምስክር ወረቀት በጽሕፈት ቤታችን ስህተት የተሰጠ መሆኑን እየገለጽን፣ ጳጉሜ 6 ቀን መኖሩን በአክብሮት እናረጋግጣለን።»